ለዓሣዎቹ የተቀቀለው እንቁላል

መካነ ብርሃን፣ መጋቢት ፳ ቀን ፲፱፻፵፮ ዓ.ም.

ለልጄ ሚስት፣

ካቶሊክ አልሆንኩም። ጾምም አልገደፍኩም። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ጎንደርን ለቅቄ ወደ ጃናሞራ የወጣሁት ወንድሜ አላምረው ከበቅሎ ወድቆ እግሩ ስለ ተሰበረ ነው እንጂ ከካህናት ፊት ልሸሽ አይደለም። ይህን ከሰላምታ ያስቀደምኩት ሥርዓት ጠፍቶኝ እንዳይመስልሽ። የምትፈሪውን ነገር ከደብዳቤው ራስ ላይ ካገኘሽው የቀረውን ተረጋግተሽ ታነቢዋለሽ ብዬ ነው።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበዪ። እንደምን ከርመሻል? እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ? ጠዋት ጠዋት ያዞርሽ የነበረው ተወሽ ወይ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። የአላምረው እግር ወጌሻው በመቃ እንዳሰረው አለ። ቀኑን ሙሉ ያማርራል፤ የሚያማርር ሰው አይሞትምና ደስ ብሎኝ እሰማዋለሁ። ብርዱ ግን አይጣል ነው። ማለዳ ደጅ ያደረ ውኃ ላዩ ይጋገራል። ጣሊያኑ ከነገንዳው የተወልን ዓሣዎች እዚህ ቢሆኑ አንድ ሌሊትም አይወጡት ነበር እያልኩ አስባለሁ። ሰው ከቤቱ ሲርቅ የሚያሳስበው መናገር የማይችለው ነው። አንቺ ብትራቢ ትናገሪያለሽ፣ በሩ ቢሰበር ጎረቤት ይናገራል፣ ዓሣ ግን ዝም ብሎ ይሞታል። እንዲህ ስል ሰነበትኩ። አንቺም ብትሆኚ እንደማትናገሪ የገባኝ ከዓርብ ወዲህ ነው።

ዓርብ ዕለት አያ ዋኘው ከጎንደር ጨው ጭኖ ደረሰ። ሲወርድ በቤታችን በኩል እንዲያልፍ፣ አንቺንም ገንዳውንም እንዲያይልኝ አደራ ብዬው ነበር። መቼም አያ ዋኘው ወሬ ከጅራቱ እንጂ ከራሱ ጀምሮ አያውቅም፤ የዓርቡ ግን ከጅራቱም አልጀመረ። ከመደቡ ላይ ተቀመጠ። እኔ ሽንብራ እለቅማለሁ፣ እሱ አፌን ያያል። አንዷን ፍሬ ወደ አፌ እጥል እንደሆነ ይጠብቃል። ቅዳሴ እስኪወጣ እንዲህ ሲጠብቀኝ ዋለና በመጨረሻ ተንፍሶ፣

«እሜቴ፣ ይጾማሉ እንዴ?» አለኝ።

«ምነው፣ አንተ ትተሃል?» አልኩት።

ያን ጊዜ ሁሉንም አወጣው። ሽታዬ ከአጥሩ ማዶ ሆና ከአመዳችን ላይ የእንቁላል ቅርፊት አይታለች። አንድ ሁለት ቢሆን አልፋው ነበር አለች አሉ፤ ቅርፊቱ ግን የሰርግ ቤት ደጅ አስመስሎታል። ከማኅበሯ ቤት ሄዳ፣ «ጣሊያኑ ሲሄድ ቤቱን ብቻ የተወ መስሎን ነበር፤ ሃይማኖቱንም ከገንዳው ውስጥ ትቶት ኖሯል» ብላ ሴቱን ሁሉ አሳቀች። የመሪጌታ ልጅ በስተርጅና ካቶሊክ ሆነች፣ ለዚህም ነው ጾሙ ሲገባ አገር የለቀቀችው፣ ምራቷንም በሁዳዴ እንቁላል እያበላች አስለምዳታለች እየተባለ ተወራ። ሽታዬ ክፉ ሴት አይደለችም። ሥራ ፈት ናት፤ ሥራ ከተገኘላት ዝም ትላለች።

የከፋው ወሬው ከአበቡ መድረሱ ነው። የሟቹ ባሌ እኅት ለአንቺ ያላትን ልብ ካንቺ በላይ እኔ አውቃለሁ። ሁለት ጊዜ የደረሰብሽን ከወንድሟ ልጅ ከበላቸው ላይ እንደ ሠራሽው በደል አድርጋ ይዛብሻለች። አሁን ደግሞ፣ «ልጅም የላት፣ ጾምም የላት፤ ታዲያ በላቸው ምን ቀረኝ ብሎ ነው የሚያኖራት?» ብላለች። አያ ዋኘው ይህን ሲነግረኝ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። የነፍስ አባታችን ቄስ ሐብተ ማርያምም በሆሣዕና ዋዜማ ቤታችን መጥተው ሊጠይቁሽ ቀን ሰጥተዋል፤ ጾም ተሽሮ ከተገኘ እግራቸው ከደጃችን እንደማይደርስ ተናግረዋል። አበቡም ባልሽ ማኪናውን ይዞ ከአሥመራ እንዲመለስ ልካበታለች። ቄሱ ይፍረዱ፣ ከዚያ ቤቱን የምትሞላ ሌላ ሴት እኔው እፈልግልሃለሁ የሚል ነው መልእክቷ።

ይህን ሁሉ አንቺ ብቻሽን ተሸክመሽዋል። ለእኔ የላክሽው ደብዳቤ ግን ሦስት መሥመር ነበር። ዓሣዎቹ ደኅና ናቸው፣ ውኃው ንጹሕ ነው፣ ገንዳው አያፈስም ይላል። ስለ ራስሽ አንድ ቃል የለበትም።

እንግዲህ ስለ ዓሣዎቹ እንነጋገር፤ ከዚያ መጀመር ይሻላል።

ጫጩቶቹ የተፈለፈሉት እኔ ለመንገድ ስሰናዳ እንደ ነበር ታስታውሻለሽ። ከገንዳው ግድግዳ ላይ እንደ ረገፈ ሽፋሽፍት ተለጥፈው ነበር። ያንን ገንዳ ይዘን ይህን ያህል ዓመት ስንኖር ብዙ ጊዜ ወልደዋል፤ ብዙ ጊዜም ትልልቆቹ መልሰው በልተዋቸዋል። የባልሽ አባት ነፍሱን ይማረውና፣ ከጣሊያኑ የግብርና ሠራተኛ የተማረው አንድ ነገር ቢኖር ጫጩት ማሳደግ ነበር። ሰው፣ «የማይበላ ዓሣ አሳድጎ ምን ሊያደርግ ነው?» ብሎ ሲስቅበት፣ «እናንተ አላፊ አግዳሚውን ስታዩ ትውላላችሁ፣ እኔ ደግሞ እነሱን አያለሁ» ይል ነበር። ለጫጩት ጠጣር የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል ያስፈልጋል። እኔም ሁዳዴ መሆኑ ጠፍቶኝ ሳይሆን አውቄው አዘዝኩሽ። ከጾም ዕቃ ጋር እንዳይነካካ በዚያ በዛገው የቲማቲም ጣሳ ደጅ ቀቅዪ፤ ከአስኳሉ የምስር ፍሬ የምታህለውን ከአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ቋጥረሽ ውኃው ላይ ንከሪ፤ እንደ ጉም ሲበተን ይበቃል፤ የቀረውን ለድመቷ ስጪ። አንድ እንቁላል ለሳምንት ይተርፋል አልኩሽ። ከዚያ በላይ ከሆነ ውኃው ይገማል፣ ትልልቆቹም አፋቸውን ከላይ አውጥተው አየር ሲጠጡ ይውላሉ፤ በሁለተኛው ቀን ተገልብጠው ታገኚያቸዋለሽ። ይህን ከእኔ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል።

ታዲያ አያ ዋኘውን ጠየቅኩት። ውኃው እንዴት ነበር? አልኩት። የገንዳው ወለል ይታያል አለኝ። ይሸታል? አይሸትም። ትልልቆቹ ከላይ ነበሩ ከታች? ከታች፣ ደኅና ይዋኛሉ። ጫጩቶቹስ? መርፌ መስለዋል አለኝ፤ ከስተዋል።

አባቴ ንባብ ሲያስተምሩኝ፣ ሁለት እውነት ሲጣሉብሽ ሦስተኛውን ፈልጊ ይሉኝ ነበር፤ ሳላገኝ ብቀር አለንጋው ቅርብ ነው። ሽታዬ ስለ ቅርፊቱ አልዋሸችም። አያ ዋኘውም ስለ ውኃው አልዋሸም። ያ ሁሉ እንቁላል ተቀቅሏል፤ ያ ሁሉ እንቁላል ግን ውኃ ውስጥ አልገባም። ሽንብራዬን ለቅሜ ሳልጨርስ ሦስተኛውን አገኘሁት።

አልጽፈውም። በአገራችን እንዲህ ያለው ነገር ራሱ እስኪታይ ድረስ ስሙ አይጠራም። ሁለት ጊዜ በአደባባይ ከተጠራ በኋላ ያጣሽውን ደግሞ፣ በሦስተኛው መጀመሪያ የምጠራው እኔ አልሆንም። አንቺም ለዚህ ብለሽ ዝም እንዳልሽ ገብቶኛል። ከእኔ የደበቅሽበት ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ እሱም ገብቶኛል። ጠዋት ከአልጋ ስትዘገዪ ስንፍና ነው እያልኩ የምቆጣ ሴት ፊት ማን ይህን ይናገራል። የመደርደሪያውን አቧራ አይቼ ያንቺን ፊት አላየሁም። ስለዚህ ለምን አልነገርሽኝም ብዬ አልጠይቅሽም፤ አንቺም በሌላ ጊዜ ይህን አታንሺብኝ።

አንድ ነገር ግን አርምሻለሁ፤ ማረሜን መቼም አትጠይውም፣ ለምደሽዋል።

አያ ዋኘው እየሣቀ ነገረኝ። ጠዋት ደርሶ ለዓሣዎቹ ፍርፋሪ ሊጥልላቸው ሲል እጁን ያዝሽው አሉ። ገና ቅዳሴ አልወጣም አልሽው። ደወል እስኪሰማ ድረስ እነዚያን ፍጥረቶች አስጾምሻቸው፤ ለጫጩቶቹም የጤፍ ፍሬ የምታክል ነገር እንኳ ሳይደርሳቸው ይውላሉ። «እሜቴ፣ ምራትዎ ገንዳውን ሙሉ ክርስትና አንሥታዋለች፤ የቀራቸው ማተብ ነው» አለኝ። እኔም ሣቅሁ። ከዚያ ሣቄ ቆመ። አንቺ የበላሽውን እነሱ እንዲጾሙልሽ አድርገሻል።

ልጄ፣ ዓሣ ለሰው አይጾምም። ሰውም ዓሣ አስጾሞ ከራሱ ላይ አያወርድም። ጾም ዕዳ አይደለም፣ ለሌላ አይተላለፍም። ደግሞ በከንቱ ነው ያስጾምሻቸው፤ በአንቺ ላይ ያልተጻፈ ነገር ነው ልትከፍዪ የፈለግሽው። አባቴ ሕጉን ሲያስተምሩኝ ጾም በማን ላይ እንደሚጠብቅና ለማን እንደሚላላ ለይተው አስተምረውኛል። ሕግን በግማሽ ያወቀ ሰው ጨካኝ ይሆናል፣ እስከ ዳር ያወቀው በሩ የት እንዳለ ያውቃል። ቄስ ሐብተ ማርያምም በሩን ያውቁታል። አንዲት ቃል ብትነግሪያቸው በዚያው ሰዓት፣ ብዪ ልጄ፣ ይሉሽ ነበር። ነገር ግን ያቺን ቃል የምትነግሪበትን ቀን የምትመርጪው አንቺ ነሽ፣ ሽታዬና አበቡ አይደሉም። ለሆሣዕና ዋዜማ ስለ ተቀጠርሽ ብለሽ እንዳታወጪያት።

ስለዚህ ያደረግኩትን ስሚ። ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። ጨው የሚገዛው ሁሉ በተሰበሰበበት አያ ዋኘውን ድምፄን ከፍ አድርጌ ጠራሁትና፣ ጎንደር ስትደርስ ለቄስ ሐብተ ማርያም፣ ለሽታዬም፣ ለአበቡም እንዲህ በልልኝ አልኩት። የተቀቀለው እንቁላል ሁሉ በእኔ ትእዛዝ ለዓሣዎቹ የተቀቀለ ነው። ዓሣዎቹ ከባሕር ማዶ የመጡ ዘር ናቸውና እንቁላል በየቀኑ ካላገኙ አይኖሩም። ምራቴ አማቷን ፈርታ የታዘዘችውን ትፈጽማለች። ጥያቄ ያለው እኔን ይጠይቅ፤ ስመጣ ከደጄ ያገኘኛል።

«በየቀኑ?» አለኝ አያ ዋኘው።

«በየቀኑ።»

«እንግዲያው ከኔ ይሻላሉ» አለ። ገበያው ሣቀ። ነገሩ በሣቅ ሆኖ ጎንደር ቢደርስ ይበጃል፤ ሰው የሣቀበትን ነገር አጥብቆ አይከስስበትም። አያ ዋኘው ግን የሚሣቀውን ያህል ሞኝ አይደለም። ሲሰናበተኝ ቀስ ብሎ፣ እነዚያ ዓሣዎች ሸጋ ሆነው እንዲያድጉ እኔም እጸልያለሁ አለኝ።

አባቴ አንዲት ፊደል ብስት ጆሮዬን የሚያዞሩ ሰው ነበሩ፤ ሐሰት ብናገር ምን ያደርጉኝ እንደ ነበር እግዜር ይወቅ። ትናንት የደብረ ዘይት ቅዳሴ ሲያበቃ የዚህ ደብር ቄስ ዘንድ ሄጄ ንስሐ ይስጡኝ አልኳቸው። ምን በደልሽ አሉኝ። አልናገርም፣ ደግሞም ገና አልጨረስኩትም፣ እስከ ፋሲካ እደጋግመዋለሁ አልኳቸው። እንዲህ ያለ ንስሐ ገቢ አይቼ አላውቅም ብለው ስግደት ሰጡኝ። ከዚያ ላይ እኔ በራሴ ጨምሬ፣ ከዛሬ ጀምሮ እህል የምቀምሰው ጀምበር ስትጠልቅ ነው። አሁን ጾም አይተላለፍም ያሉት እርስዎ አይደሉም ወይ እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ብያለሁ። ልክም ነው። ዝም ብለሽ የማዝሽን አድርጊ።

ከነገ ጀምሮ ለዓሣዎቹ ማለዳ ስጪያቸው። ጫጩቶቹ አሁን አድገዋልና አስኳሉ ይቅር፤ በደቃቁ የተነፋ የገብስ ዱቄት በቁንጥጫ ይበቃቸዋል። እንቁላሉ ግን አይቋረጥ። በዚያው ጣሳ፣ በዚያው ደጅ፣ ሰው እያየ ይቀቀል። ቅርፊቱን አትቅበሪ፣ አትፍጪው፤ ከአመዱ ላይ ጣዪውና ሽታዬ ትቁጠረው። የሚደብቅ ሰው ራሱን ይከስሳል። በሁዳዴ እንቁላል ርካሽ ነው፣ ዶሮው እንደ ሆነ ጾም አያውቅም። ወተትም ይወዳሉ በዪ። ጎንደር ውስጥ ዓሣ አሳድጎ የሚያውቅ ማን አለና ነው የሚከራከርሽ?

ውኃውን በየሳምንቱ ግማሹን ብቻ ቀይሩ፤ አዲሱ ፀሐይ ሲሞቀው ይዋልና ይግባ። አንቺ ግን አትቅጂ፣ አትሸከሚ፣ ከገንዳው ጠርዝም አትንበርከኪ። ይመኙሽ ከምንጭ ለሰፈሩ ትቀዳ የለምን፣ ለእኛም ጨምራ ትቅዳ፤ እኔ ስመጣ አስደስታታለሁ። ይህን ምክር አድርገሽ አትውሰጂው፣ ትእዛዝ ነው።

በላቸው ከመጣ ብቻውን አስቀምጠሽ ንገሪው። ልጄን አውቀዋለሁ፤ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ በጭጋግ የሚወርድ ሰው በቤቱ ውስጥ ሲሆን ቶሎ ይደነግጣል። ስትነግሪው እጁን ያዢው። አበቡ ቀድማ ከመጣች፣ ተቀመጪ በያት፣ የሚቀመስ ስጪያት፣ የቤቱ ባለቤት በመንገድ ላይ ናት በያት። ሌላ ቃል አትጨምሪ። እሷ ከእኔ ጋር ፊት ለፊት ተነጋግራ አሸንፋ አታውቅም።

ቄሱ በዋዜማው ቢመጡና እኔ ባልደርስ፣ ከገንዳው አጠገብ ወንበር አውጪላቸው። የጠየቁሽን ሁሉ፣ አማቴ ያዘዙኝን ነው በያቸው። ይህም እውነት ነው፤ ይኸው አሁን አዝዤሻለሁ።

ፊደል ያስቆጠርኩሽ ጊዜ ብዙ አልቅሰሽ ነበር። ጎረቤቱም ለምራት ምን ያደርግላታል ብሎ አማኝ። ዛሬ ይህን ብቻሽን ታነቢዋለሽ፣ ለማንም አታስነብቢም። አንብበሽ ስትጨርሺ ጣሳው ከሚፈላበት እሳት ጨምሪው።

እግዚአብሔር ቤትሽን በዓይኑ ይመልከት። ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ አፍ፣ ከሚያዳልጥ ደረጃ ይሰውርሽ። ስሙን የተሸከምኩት ሩፋኤል አይለይሽ፤ እርሱ በምን በር ላይ እንደሚቆም፣ ምን እንደሚፈታ ከእኔ አትማሪም። በየማታው ስሙን ስጠራ ከርሜያለሁ፣ ከዓርብ ወዲህ ደግሞ ለምን እንደምጠራው አውቃለሁ።

አያ ዋኘው ነገ ማለዳ ይነሣልና እዚህ ላይ ላብቃ። እኔ ነገ ከሁሉ በፊት ለአላምረው ልጅ ለጽጌሬዳ ሰው እልካለሁ፤ ከሐሙስ ጀምሮ አባቷን የምታስታምመው እሷ ናት። ቀጥዬ እስከ ደባርቅ የምታደርሰኝ በቅሎ እከራያለሁ፤ ደንባራ እንዳትሆን ራሴ ሄጄ አያታለሁ። ከዚያ የአላምረውን እግር አጥቤ፣ ጨርቁን ለውጬ፣ ከአጠገቡ ተቀምጬ መሄዴን እነግረዋለሁ። ምነው፣ ለዓሣ ብለሽ ወንድምሽን ከነስብራቱ ትተሽ ልትሄጂ ነው ይለኛል፤ ጃናሞራም ይህንኑ ሲያወራ ይከርማል። አዎን፣ ለዓሣ ብዬ ነው እለዋለሁ። ዘንድሮ አንድ እንኳ እንዲጠፋብኝ አልፈልግም እለዋለሁ።

አማትሽ